በወርካ ውሃ ማን ያወጣል?

ሐይቅ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሪታጅ፣

ኩዌት እንዴት ይዞሻል? የማዳምሽ ቤት ሥራ ቀለል አለልሽ ወይስ ጭራሽ ባሰ? እኔ ጉልበቴንና ጆሮዬን ካልቆጠርኳቸው ደህና ነኝ። ጆሮዬ ከፋሲካ ወዲህ ብሶበታል፤ በስልክ የምትነግሪኝ ሁሉ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስለኛል። ስለዚህ እንደለመድነው በወረቀት እንግባባ። አንቺ የጻፍሽውን ፎቶ አንስተሽ ለሱሩር ላኪለት፤ እሱ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ አትሞ ይሰጠኛል። የእኔንም እንዲሁ ያደርጋል። ደብዳቤዎቹን እንደሚያነባቸው አውቃለሁ። ሱሩር፣ አምስተኛ ክፍል ሳስተምርህ ማንበብ ያስተኛኛል ትል ነበር፤ አሁን ምን አነቃህ?

የጥናትሽን ረቂቅ ጨርሼዋለሁ። ቀዩ ብዕር ስለበዛ አትቀየሚኝ። "የሴቶች ሐድራ በአምባሰል" የሚለው ርእስ ይሁን፤ ሴቶቹ ተሰብስበው መንዙማና ዱዓ የሚያደርጉበትን ቤት በትክክል ይናገራል። ነገር ግን የመጀመሪያው ገጽ "ይባላል" በሚል ቃል ተሞልቷል። ማነው ያለው? አባቴ መሪጌታ እንደነበሩ ታውቂያለሽ። ዳዊት ሲያስደግሙኝ አንድ ቃል ከዘለልኩ ከመጀመሪያው መዝሙር ያስጀምሩኝ ነበር፤ አዲስ ነገር ከተናገርኩ ደግሞ "ከማን ሰማሽው?" ይሉኛል። የአንቺ ሱፊዎችም በዚህ ከአባቴ አይለዩም። ትምህርቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ስም በስም ካልተቆጠረላቸው አይቀበሉም። ስለ እነሱ የምትጽፊ ከሆነ በእነሱ ልክ ተጠንቅቀሽ ጻፊ።

ጥያቄዎችሽን ይዤ ማክሰኞ ወደ አያትሽ ወጣሁ። እስከ ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከውጫሌ እስከ ዳገቱ ሥር በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግዚአብሔር ፈቃድና በዱላዬ። ወርካ ውሃ አሁንም ኔትወርክ የለም። ዙለይሃ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የድቤ ከበሮዋን ቆዳ ፀሐይ ታስመታ ነበር።

"ጡረተኛዋ መጣች!" አለችኝ ገና ስታየኝ። "ዛሬ ደግሞ በምን ልትፈትኚኝ ነው?"

"የምትፈትንሽ የልጅ ልጅሽ ናት" አልኳት።

"እሷ የሰው ወለል ትወልውል። የእኔን ጉሮሮ ምን አስፈለጋት?"

ይህን እንዳለች እንድጽፍልሽ አዝዛኛለች። ፊቷ ግን ይስቅ ነበር።

እንግዲህ መልሶቹ እነዚህ ናቸው። ጠሪቃችሁ፣ የሱፊ መንገዳችሁ፣ ምንድን ነው ላልሽው፣ ቃዲሪያ ነው ብላለች። የመንዙማውን ሲልሲላ፣ የቅብብሎሹን ሐረግ፣ በተመለከተ፣ መንዙማውን የደረሰችው እመት ሰዓዳ ናት፤ ከእሷ ለእመት ሐሊማ፣ ከእመት ሐሊማ ለዙለይሃ ተላልፏል። "ከአንቺስ ለማን?" ስላት "ለዚያች ለሰነፏ" አለችኝ። አንቺን ነው።

መክፈቻውን ጽፌ እንድልክልሽ የጠየቅሽኝ ግን አልተሳካም። ብዕሬን ሳወጣ ክንዴን ያዘችኝ። "የሺ፣ አስቀምጪው። በዚህ ቤት የምታወጣው አንዲት ናት፤ ሌላው ይቀበላል። እኔ ቁሜ ሳለሁ መክፈቻው የሚወጣው ከእኔ አፍ ነው። ሪታጅ ኢዝን፣ የማውጣት ፈቃድ፣ አላት፣ ስትሄድ ሰጥቻታለሁ። ኢዝኑ የሚሠራው ግን እኔ ስሞት ነው። እስከዚያ እንደማንም ትቀበል" አለችኝ። በወረቀት ቢቀመጥ እንደማይጠፋ ላስረዳት ብሞክር "ወረቀትማ ፍየሌም ትበላዋለች" ብላ ድቤዋን ገለበጠች።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በዚያ ቤት ከጥግ ተቀምጬ አሜን ከማለት ሌላ ድርሻ የለኝም። ስለዚህ አልተከራከርኳትም። አንቺም አትከራከሪያት።

ውሃ ጠጪ። ሙቀት ላይ ሆነሽ የጻፍሽው ገጽ ሁሉ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል።

የሺሀረግ


ኩዌት፣ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሺሀረግ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ብዬ ልጀምር፤ እርስዎ "ወዐለይኩም ሰላም" ብለው የሚመልሱልኝ ብቸኛዋ የመሪጌታ ልጅ ነዎት። አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። መስመሬ የሚወርደው በሙቀት አይደለም፤ የምጽፈው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ በማሽኑ ክዳን ላይ ስለሆነ ነው። ማሽኑ ሲዞር እጄም ይዞራል። ቀዩን ብዕር አልተቀየምኩም። "ይባላል" የሚለውን ሁሉ ሰርዤ የተናገረውን ሰው ስም አስገባሁ፤ ስሙን ያጣሁለትን ደግሞ አወጣሁት። ጥናቱ በግማሽ አጠረ።

እትዬ፣ እንዲህ የምጨነቀው ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ መምህር ጽሑፉን እስከ ጥቅምት ካደረስኩ ለሁለተኛ ዲግሪ ሊያስገቡኝ ይሞክራሉ። ኮንትራቴም የሚያልቀው ያኔ ነው። ታሪክ ተመርቄ ሦስት ዓመት የሰው ብርጭቆ አጥቤያለሁ፤ ስመለስ በእጄ አንድ የራሴ ነገር እንዲኖር እፈልጋለሁ። ከዚያ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ወንዶቹ ሸኾች የጻፈ አላጣሁም። ስለ እመት ሰዓዳ አንድ መስመር እንኳ የጻፈ ሰው አላገኘሁም። ከእምዬ በቀር የሚያውቃት የለም፤ ከእምዬ ቀጥሎ ደግሞ ያለሁት እኔ ነኝ፣ እኔም ያለሁት ኩዌት።

ስለዚህ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። እመት ሐሊማ ከሞተች በኋላ እምዬ እስክታወጣ ድረስ በመሀል የተዘለለ መውሊድ ነበር ወይ? አውጪ ሳይኖር ስንት ዓመት ማለፍ ይቻላል? ይህን ሳላውቅ የመጨረሻውን ምዕራፍ መጻፍ አልችልም።

ሌላው ደግሞ፣ ሳሊሕ አጎቴ ባለፈው ሲደውልልኝ እምዬ ጉንፋን ይዟት ወደ ውጫሌ መውረድ አቃታት አለኝ። የአረፋ ለት እንኳ ድምጿን መስማት እፈልጋለሁ። ካልሆነ ስድቧን ይላኩልኝ። እሱ ይበቃኛል።

ራህማ ሰላም ብላዎታለች። እሷ እዚህ ቤት ተከራይታ ነው የምትሠራው፤ ዓርብ ዓርብ የሐይቅና የውጫሌ ልጆች እሷ ዘንድ እንሰበሰባለን። ሱሩር፣ አንተም ሰላም፤ ራህማ አላገባችም፣ አይዞህ።

የእርስዎው ተማሪ፣
ሪታጅ


ሐይቅ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለሱሩር የማይሰጥ

ሪታጅ ልጄ፣

አያትሽ ሰኞ አረፈች።

ይህን ደብዳቤ አልክልሽም። የጻፍኩት ቃሉን አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ በትክክል ማየት ስለፈለግሁ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ለአንቺ የሚላከውን ሌላውን ደብዳቤ እጀምራለሁ፣ እቀድዳለሁ፣ እጀምራለሁ።

ከአረፋ በኋላ ደረቷን ይዟት ተኛች። ጥያቄሽን ይዤላት የሄድኩት ያኔ ነው። አልጋዋ ላይ ሆና መለሰችልኝ፤ ቃሏም ይኸው ነው። "አንድም መውሊድ አይዘለልም። እመት ሐሊማ በረመዳን ሞተች፣ በቀጣዩ መውሊድ እኔ አወጣሁ። መውሊድ ሳይወጣበት ካለፈ ሐድራው ይዘጋል፤ ቤቱ ከዚያ ወዲያ የማገዶ ቤት ነው።" ከዚያ ደክሟት ዓይኗን ጨፈነች። ደህና ትሆናለች ብዬ ወደ ሐይቅ ተመለስኩ። ሰኞ ረፋድ ላይ ሞተች፣ ከዙሁር በኋላ ተቀበረች። እኔ የደረስኩት ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ ነው።

አጎትሽ ሳሊሕ ሁላችንንም ሰብስቦ "ሪታጅ አትሰማም" አለ። "ኮንትራቷ ጥቅምት ላይ ያልቃል። ስትመጣ እዚሁ ሰው ሰብስበን እናረዳታለን። ሰው ቤት ብቻዋን ሰምታ ከፎቅ ብትወድቅ ማን ያነሳታል?" ሁሉም እኔን አዩኝ፤ ደብዳቤ የምጽፍልሽ እኔ ነኝና። ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩ።

መውሊድ ነሐሴ 30 ነው። ጥቅምት ከዚያ በኋላ ነው። ከአንቺ በቀር ኢዝን ያላት የለችም። አንቺ ደግሞ አያትሽ መሞቷን ካላወቅሽ ማውጣት አይፈቀድልሽም።

ዕድሜዬን ሁሉ ሰው ሲዋሽ በቀይ ስሰርዝ ኖርኩ። አሁን የራሴን እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው ተቀምጬ አስባለሁ።


ሐይቅ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሪታጅ፣

እንደምን አለሽ? ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዝናቡ ገባ፤ የሐይቁ ዳር ጭቃ ሆኗል፣ ዓሣ አጥማጆቹም ዘግይተው ነው የሚወጡት። የቤቴ ጣሪያ በአንድ በኩል ያፈሳል፤ አናጢው ዝናቡ ነገ ዛሬ እያለኝ ነው። ስሙ ዝናቡ ሆኖ ዝናብን መፍራቱ ይገርመኛል።

ለጠየቅሽኝ የተሰጠው መልስ ይህ ነው፤ አንድም መውሊድ አይዘለልም። እመት ሐሊማ በረመዳን ሞተች፣ በቀጣዩ መውሊድ ዙለይሃ አወጣች። መውሊድ ሳይወጣበት ካለፈ ሐድራው ይዘጋል። ይህን ከዙለይሃ አፍ ሰምቼዋለሁና ስሟን ጠቅሰሽ መጻፍ ትችያለሽ።

ሁለተኛውን ምዕራፍ አርሜዋለሁ። ድቤ እንዴት እንደሚወጠር የጻፍሽው ጥሩ ነው። "ጥንታዊ" የሚለውን ቃል አጥፊው፤ ዓመቱን ካወቅሽ ዓመቱን ጻፊ፣ ካላወቅሽ አላውቅም በይ።

ሥራሽን በርትተሽ ሥሪ። ምግብ ብዪ። ከራህማ አትራቂ።

ሱሩር፣ ይህን ስትልክ የራስህን ቃል አትጨምርበት። ድምፅህንም እንዳትልክላት።

የሺሀረግ


ኩዌት፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺሀረግ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ጣሪያው አዝኛለሁ። ስለ ዓሣ አጥማጆቹም። ነገር ግን እርስዎ ስለ ዝናብ የሚጽፉ ሰው አልነበሩም።

እትዬ፣ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና፣ እምዬ የት አለች? ወደ ወርካ ውሃ ሲወጡ በምን እንደሄዱ፣ ምን ስትሠራ እንዳገኟት፣ ምን ብላ እንደተቀበለችዎ ሁልጊዜ ይጽፉልኛል። አሁን መልሱ ብቻ መጣ። አልሰደበችኝም። ለሁለት ዓመት በላኩት ደብዳቤ ሁሉ ስትሰድበኝ ኖራ አሁን እንዴት ዝም አለች? በአረፋም ድምጿን አልሰማሁም። ሳሊሕ አጎቴ ጉንፋኑ ለቀቃት ይላል፤ ታዲያ ትውረድና ታናግረኝ ስለው ዳገቱ አዳለጠ ይላል። ሱሩር "ሁሉም ሰላም ነው እህቴ" ብሎ ጻፈልኝ። ሱሩር እህቴ ብሎኝ አያውቅም፤ የሚለኝ "አንቺ ቀጫጫ" ነው።

ብርጭቆ ሰበርኩ። ማዳም ምን ሆንሽ አለችኝ። ምን እንደሆንኩ እኔም ብጠይቅ የሚነግረኝ የለም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ለእምዬ ነው። የሄድኩ ዕለት ደጃፍ ላይ ቆመን ኢዝኑን ስትሰጠኝ እጄን ዘርግታ መዳፌ ላይ አንድ ነገር አድርጋ ነበር። ከዚያ ጣቶቼን አጥፋ "መኪናው ሐይቅን እስኪያልፍ እንዳትከፍቺው" አለችኝ። ምን ነበር? ከእሷና ከእኔ በቀር ማንም አያውቀውም። ይጠይቁልኝ።

እርስዎ እንደማይዋሹኝ አውቃለሁ። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ሪታጅ


ሐይቅ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሱሩር፣ ልብ በል። ይህ ደብዳቤ የሚላከው ለራህማ ነው። ለሪታጅ አይደለም። ስሙን እይ፣ እንደገና እይ፣ ከዚያ ላክ።

ለልጄ ለሪታጅ፣

ይህን የምታነቢው ዓርብ ጠዋት በራህማ ቤት ነው። የሐይቅና የውጫሌ ልጆች አጠገብሽ አሉ። ቆመሽ ከሆነ ቁጭ በይ። ራህማ እጅሽን ትያዝ።

ጥያቄሽን መመለስ አልቻልኩም። መዳፍሽ ላይ ምን እንዳደረገች አላውቅም፤ የምታውቀውም ልትነግረኝ አትችልም። አያትሽ ዙለይሃ ሰኔ 16 ቀን ሰኞ ረፋድ ላይ አርፋለች። አልተሠቃየችም አልልሽም፤ ደረቷ ያስጨንቃት ነበር። ነገር ግን ቤቷ ውስጥ፣ በሰው ተከባ፣ ሸሀዳዋን ይዛ ነው የሞተችው። ያጠቧት መሪማና የሰፈሩ ሴቶች ናቸው።

አልቅሺ። ቀሪው ገጽ ይቆያል።

...

ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልንሽ ስለናቅንሽ አይደለም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ፤ ያላወቀውን ሰው በጠዋት ቤቱ ገብቶ፣ ዘመድ ከቦት፣ ይዞት ነው። አጎትሽ ሳሊሕ ብቻሽን እንዳትሰሚ ብሎ ነበር፤ ልክ ነው፣ ወዶሽ ነው። እኔም እሺ ብዬ ነበር። የሐምሌው ደብዳቤሽ ሲመጣ ግን ይዤው ወደ ወርካ ውሃ ወጣሁ። ሳሊሕን፣ መሪማንና ሸኽ ማህዲን አንድ ላይ አስቀመጥኳቸውና አነበብኩላቸው።

ሳሊሕ "እትዬ፣ ስልክ መርዶ አይደለም፤ ደብዳቤም መርዶ አይደለም" አለኝ።

"መርዶ የሚፈልገው ሰው ነው" አልኩት። "ሰው ደግሞ ኩዌትም አለ። የራህማን እናት አስተምሬያለሁ፣ ልጇንም አውቃታለሁ። እነሱ ያርዷት።"

"ጥቅምት ሩቅ አይደለም። ለምን አንቆይም?"

"መውሊድ ከጥቅምት በፊት ነው፣ ሳሊሕ።"

ይህን ስል መሪማ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። ከአያትሽ ጋር ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀበል የኖረች ሴት ናት፤ መክፈቻውን ከእኔም ከአንቺም የበለጠ ታውቀዋለች፣ ግን ኢዝን የላትም። "እኔ አላወጣም" አለች ማንም ሳይጠይቃት። "ዙለይሃ መቃብሯን ፈንቅላ ትመጣብኛለች።"

ወርካ ውሃ ላይ ኔትወርክ ስለሌለ በስልክ ይሁን ማለት አልተቻለም። ቤቱን ትቶ ሌላ ቦታ መሰብሰብም አይሆንም። ሸኽ ማህዲ እንዲህ አሉ፦ "ሰዓቱን እንወስን። በመውሊድ ዓርብ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ልጅቱ ባለችበት ታውጣ። እነዚህ ደግሞ እዚሁ ይቀበሉ።"

መሪማ ተቆጣች። "ያልሰማነውን እንዴት ነው የምንቀበለው ሸኽ?"

"ነቢዩን አይተሻል?"

"እኔ? በየት በኩል!"

"ስማቸው ሲጠራ ግን ሰለዋት ታወርጃለሽ።"

መሪማ ሻሿን ከፊቷ መለሰች።

እንግዲህ ልጄ፣ አላስገድድሽም። ሐዘን ላይ ነሽ። ነገር ግን ከእመት ሰዓዳ ለእመት ሐሊማ፣ ከእመት ሐሊማ ለዙለይሃ የመጣው አሁን አንቺ ዘንድ ደርሷል። ነሐሴ 30 ቀን፣ ከዙሁር በኋላ። የኩዌትና የእኛ ሰዓት አንድ ነው፤ ሱሩርን ጠይቄ አረጋግጫለሁ፣ ቀጥሎም ሱሩርን ስለማላምነው የባንክ ቤቱን ልጅ ጠይቄያለሁ።

ስለ ሰኔው ደብዳቤ፣ በውስጡ የሐሰት ቃል የለበትም፤ እየመረጥኩ ጽፌዋለሁ። ይህ ግን ከውሸት አያድነኝም። ለአያትሽ በተቀበረች ጊዜ አልቅሼላታለሁ፤ ለአንቺ ስጽፍ ደግሞ እንደገና ቀበርኳት። አሁን ፍልሰታ ጾም ላይ ነን። በጸሎቴ አለሽ።

የሺሀረግ


ሐይቅ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሪታጅ፣

መርዶው ከተነገረሽ ከነሐሴ 16 ወዲህ አንድ ቃል አልጻፍሽልኝም። ራህማ ለሱሩር የላከችው አጭር ነው። "ነገርናት፤ አለቀሰች፤ ከዚያ ዝም አለች" ይላል። ቀጥሎ ደግሞ "ማዳሟ ስልኳን ወስዳባታለች፣ ዓርብም አልወጣችም" የሚል መጣ። ይህን ይዘን ነው መውሊድ ላይ የደረስነው። ሱሩር ሳልጠይቀው ሱቁን ዘግቶ ዳገቱን ደግፎ አወጣኝ። መንገድ ላይ ሙሉ "አውጥታ ይሆን እትዬ?" እያለ ጨቀጨቀኝ። እኔው ራሴን የምጠይቀውን መልሶ ሲጠይቀኝ ተናድጄ ዝም በል አልኩት።

የሆነውን እንዳየሁት እጽፍልሻለሁ። ከዙሁር በኋላ ሴቶቹ ገቡ። የዙለይሃን መደብ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ድቤዋ መሪማ ጭን ላይ ነበር። ቆዳውን ጠዋት ፀሐይ ስላልነበረ በምድጃ ዳር አሙቀውታል። እኔ ከጥጌ ተቀመጥኩ። ሸኽ ማህዲ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ዱዓ አደረጉ፣ አሚን ተባለ። ከዚያ የአውጪዋ ተራ ደረሰ።

ዝም ተባለ።

አንዲት ሴት ሕፃኗን ጡት አጎረሰች። ሌላዋ መቁጠሪያዋን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረች። ሁሉም ወደ ባዶው መደብ ጆሮአቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ሪታጅ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላው ሰው እኩል ሆንኩ፤ ማንም ምንም አይሰማም ነበር። ዝምታው ሲረዝም ፍርሃት ገባኝ። ልጅቱ ታማ ከሆነስ? በር ተቆልፎባት ከሆነስ? ሐዘኑ አፏን ዘግቶት ከሆነስ? ይህ ሁሉ ሰው የሚጠብቀው የሌለ ነገር ቢሆንስ? የመሪማን እጅ ብቻ አይ ነበር። ድቤው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

በድንገት እጇ ወረደ።

"አወጣች" አለች መሪማ። ሴቶቹም ተቀበሉ። የማልሰማው እኔ እንኳ በደረቴ ሰማሁት። አሜን አልኩ፤ በእኔው አሜን። ሁለት ሴቶች አለቀሱ፣ ቀሪው እያጨበጨበ እስከ ዐስር ቀጠለ።

ሲያበቃ መሪማን ለብቻዋ ያዝኳት። "በምን አወቅሽ?" አልኳት።

"እጄ አወቀ።"

"እጅ አያውቅም፣ መሪማ።"

"ያንቺ እጅ ጠመኔ ነው የሚያውቀው" አለችኝ።

አሁን ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። እነሱ ደስ ብሏቸው ተበትነዋል፣ ሳሊሕም ሐድራው አልተዘጋም እያለ ለሰው ይናገራል። እኔ ግን መልስ የሰማሁት ከአንድ ወገን ነው። ጥያቄውን እንደ መምህር አቀርብልሻለሁ፣ መልሱንም እንደ መምህር እቀበላለሁ። አውጥተሻል ወይስ አላወጣሽም? ካላወጣሽ ማንም አይቀየምሽም፤ ለሴቶቹም እኔ አልናገርም። እኔ ግን ማወቅ አለብኝ። ከራህማ አፍ አልቀበልም። በራስሽ የእጅ ጽሑፍ ጻፊልኝ።

የሺሀረግ


ኩዌት፣ መስከረም 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺሀረግ፣

እንኳን አደረስዎ። አዲሱ ዓመት ለጆሮዎና ለጣሪያዎ ይሁን። ዛሬ ስልኬ ተመለሰልኝ፤ ደብዳቤዎን ያነበብኩት ራህማ ቤት ነው፤ መልሱንም እዚሁ መሬት ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩ ነው። መስመሬ ቀጥ ማለቱን ያዩልኛል።

ስላልጻፍኩ ይቅር ይበሉኝ። ከመርዶው በኋላ ብዕር ስይዝ የሚመጣብኝ "ለእምዬ ይንገሩልኝ" የሚል ነበር። ማዳም ስልኬን የወሰደችው ሥራ ላይ ስለማለቅስ ነው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስልኩ የሚያስለቅሰኝ መስሏት ነው።

በመውሊድ ዓርብ መውጣት አልቻልኩም። እንግዳ ነበረባቸው። ከዙሁር በኋላ ሳህኖቹን ትቼ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ እንዳይሰሙኝ ማሽኑን አስነሳሁት። ውስጡ የነበረው አንድ ፎጣ ብቻ ነው። ከዚያ ቆምኩ፤ አፌ አልከፈት አለኝ። እምዬ ሳትኖር መክፈቻውን ማለት ገደልኳት ማለት መሰለኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። ማሽኑ ውሃውን ደፍቶ መምታት ሲጀምር አወጣሁ።

አወጣሁ እትዬ። በራሴ የእጅ ጽሑፍ ይኸው።

ጨረስኩ። የሚቀበለኝ የለም። እምዬ ተቀባይ የሌለው መንዙማ ግድግዳን መጥራት ነው ትል ነበር። በባዶ ክፍል ውስጥ ጮኼ የቀረሁ መስሎኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ደብዳቤዎ ላይ "እጇ ወረደ" የሚለው ጋ ስደርስ ራህማ ስልኩን ከእጄ ላይ ያዘችልኝ።

መዳፌ ላይ የነበረውን ልንገርዎ። ምንም አልነበረም። እትፍ እትፍ ብላ መረቀችኝና እጄን ዘጋችው። ሐይቅን ካለፍን በኋላ ስከፍተው ደርቋል። እርስዎ "አላውቅም" ብለው ሲጽፉ ነው መሞቷን ያወቅሁት፤ ቀጥሎ ያለውን መስመር ሳላነብ። እምዬ ብትኖር "ምንም አልሰጠኋትም፣ ትቀባጥራለች" ትልዎ ነበር።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ጀምሬዋለሁ። ሲልሲላው ሥር እንዲህ ጻፍኩ፤ ከዙለይሃ ለሪታጅ። ማውጣቱን የተናገረችው ሪታጅ፣ መቀበላቸውን ያየችው የሺሀረግ፣ "እጄ አወቀ" ያለችው መሪማ። "ይባላል" የለበትም። መክፈቻውን አሁን መጻፍ ይፈቀድልኛል፤ አልጻፍኩትም። ጥቅምት ላይ ስመጣ መደቡ ላይ ተቀምጬ ላውጣውና ከዚያ እወስናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን ቀን ሳወጣ መሀል ላይ ድምፄ ተሰበረብኝ፤ አንድ ስንኝ ተንቀጠቀጠ። ዞር አልኩ። ሁልጊዜ ስሳሳት ከኋላዬ "ሰነፍ! ፍየሌ ከአንቺ ትሻላለች!" የሚል ድምፅ ነበር። ማሽኑ ብቻ ይዞራል። የሰደበኝ የለም። መሞቷን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው፤ ስንኙንም ብቻዬን አስተካክዬ የጨረስኩት።

ይህን ደብዳቤ በቀይ አርመው ይላኩልኝ። አይዘኑልኝ፤ ጠንከር አድርገው ይስደቡኝ።

ሪታጅ